ባለ ቀይ ኮፍያው ዌንደል

በሀርስቴድ ከተማ ዌንደል ቦይማንን በስሙ የሚጠሩት ሚስቱና ባንኩ ብቻ ናቸው። የቀረነው ሁላችን «ባለ ቀይ ኮፍያው» እንለዋለን፤ ሲያጥር ደግሞ «ኮፍያው»። ቅር አይለውም። ከሃያ ዓመት በላይ፣ የሀርስቴድ ዩኒቨርሲቲ በሜዳው በሚጫወትበት ቅዳሜ ሁሉ፣ ያንን ኮፍያ ደፍቶ ጨዋታ ሲያስቆም ኖሯል።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሲነግሩት ቀልድ ይመስለዋል። ፉትቦላችን፣ ያ ሞላላው ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ከሆነ መሃል መሃሉን ማስታወቂያ መግባት አለበት። ማስታወቂያው ሊጀምር ሲል፣ ከስታዲየሙ ጀርባ በቆመው የቴሌቪዥን መኪና ውስጥ የምትቀመጠው ሴት ዌንደል ጆሮው ላይ በሰካት ማዳመጫ «ይግቡ» ትለዋለች። ዌንደል ጥቂት እርምጃ ወደ ሜዳው ይገባና ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቆማል። እሱ እንደዚያ ቆሞ ሳለ ዳኛው ፊሽካ አይነፋም፣ ኳስ የሚነካ የለም። ግዙፍ ግዙፍ ጎረምሶች ወገባቸውን ይዘው አንድ ሽማግሌ ይጠብቃሉ። ስለ መኪናና ስለ ቢራ የሚነገረው ሁሉ ተነግሮ ሲያልቅ «ይውጡ» ትለዋለች፤ እጁን ፈትቶ ይወጣል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል።

ሥራውን ያገኘው በሚስቱ በማርሊስ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን መኪና ወደ ሀርስቴድ የመጣ ጊዜ ሰዎቹ ከአገሬው አንድ ሰው ፈለጉ፤ የሚጠየቀውም ችሎታ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነበር። ያኔ በስታዲየሙ ቢሮ ትሠራ የነበረችው ማርሊስ «ባሌን ውሰዱት» አለቻቸው። «ከተጋባን ጀምሮ ሳሎን መሃል ቆሞ ምን ሊሠራ እንደገባ ሲያስብ ነው የማየው።» ወሰዱት። ሕዝቡም ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ባጣመረ ቁጥር «ኮፍያው! ውጣ!» እያለ ይጮህበታል። ጩኸቱ የፍቅር ይሁን የጥላቻ የምንጮኸው እኛም አናውቀውም፤ ብቻ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ያስተምሩታል።

እኛ በየመቀመጫችን ሆነን ልብ ያላልነውን ነገር ዌንደል በእግሩ ያውቀው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቆሞ ሳይደክመው «ይውጡ» ይባል ነበር። እያደር መቆሙ ረዘመ፤ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። የጨዋታውም ሰዓት የእኛ መሆኑ ቀረ። ድሮ እኩለ ቀን ላይ ነበር፣ ገበሬው ጨዋታውን አይቶ፣ ተሳድቦ፣ ከብቱን ለማየት በብርሃን ቤቱ ይደርሳል። ኋላ ቴሌቪዥኑ ሲመቸው ጠዋት፣ ሲመቸው ማታ እያደረገ፣ ያውም ሳምንት ሲቀረው እየነገረን፣ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ዌንደል ይህን ሁሉ ከሜዳው መሃል ሆኖ ያያል፤ ግን ሰው በሚበላበት ሥራ ላይ ብዙ አያወራም።

ከቅዳሜዎቹ ሁሉ አንዲቱ የብቻዋ ነበረች። በኅዳር ማለቂያ፣ የምስጋና በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ከቤልፎርት ዩኒቨርሲቲ ጋር እንጫወታለን። እኛ አራሾች እንባላለን፣ እነሱ ተኩላዎች። አያቶቻችን ያለ ራስ ቁር ሲጋጩ የጀመረ ጠብ ነው። የዌንደል ታላቅ ወንድም ሮላንድ ደግሞ የቤልፎርት ሰው ነው፤ እዚያ ተማረ፣ እዚያ አገባ፣ ሚስቱ ከሞተችም በኋላ እዚያው ቀረ። አባታቸው ጥብቅ ሉተራን ስለነበሩ በገንዘብ መወራረድ በቤታቸው የማይታሰብ ነበር። ሁለቱ ልጆች ካልተወራረድን ብለው ሲያስቸግሯቸው ግን አንድ ዘዴ አበጁ፤ ቡድኑ የተሸነፈበት በሚቀጥለው ሚያዝያ መጥቶ ላሸናፊው አንድ ቀን ሙሉ ድንጋይ ይለቅማል።

የእኛ አፈር ጥቁርና ለም ነው፣ ግን ድንጋይም ያፈራል። በበረዶው ወራት ውርጩ ከሥር እየገፋ በየዓመቱ አዲስ ድንጋይ ወደ ላይ ያወጣል። የዘሪውን ማሽን ጥርስ ሳይሰብር አስቀድሞ መለቀም አለበት። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ከሰው ጎን ጎንበስ ቀና ሲሉ ውሎ ሳያወሩ መዋል አይቻልም፤ አባትየውም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም።

አባትየው ሲሞቱ መሬቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሮላንድ ድርሻውን ሸጠ። ለዌንደል አልነበረም የሸጠው፣ ዌንደል ሊከፍል የማይችለውን ዋጋ ላቀረበ የአሳማ እርባታ ኩባንያ ነው። ዛሬ ከአጥሩ ወዲያ ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ነፋሱ ከሰሜን በመጣ ቀን ማርሊስ ልብስ ውጭ አታሰጣም። ወንድማማቾቹ በዚህ ጉዳይ ተጣልተው አያውቁም፣ ችግሩም እሱ ነበር። ስላልተጣሉ አልታረቁም። ስልኩ ቀረ፣ በበዓል መጠራራቱም ቀረ። የቀሩት የኅዳሯ ቅዳሜና የሚያዝያው ቀን ብቻ ነበሩ። ሮላንድ መሬት ስለሌለው እሱ ያሸነፈ እንደሆነ ዌንደል ቤልፎርት ድረስ ሄዶ የጣሪያውን አሸንዳ ከቅጠል ያጸዳለታል፤ መሰላሉ ላይ ሆኖም «ድንጋዩ በስንት ጣዕሙ!» እያለ ያማርራል።

ወሬው የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ዌንደል የማሽኑን ዘይት ሲቀይር ማርሊስ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ቤልፎርት ሊሄድ ነው» አለችው።

«የት ነው የሚሄደው?»

«ትልቁ ሊግ ውስጥ ገባ። የባሕር ዳርቻዎቹ ሊግ።»

«ከኛ ጋር ያለውስ ጨዋታ?»

«ቦታ የለንም ብለዋል። የዘንድሮው የመጨረሻ ነው።»

ነገሩን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለቡድናቸው ከትኬት ይልቅ የሚተማመኑት ቴሌቪዥን ለሊጋቸው በሚከፍለው ገንዘብ ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ የሚቆጥረው ሳሎን ነው። ቤልፎርት ትልቅ ከተማ ጥግ ስላለ ስፍር ቁጥር የሌለው ሳሎን ይዞ ይሄዳል። በእኛ ዙሪያ ያለው አሳማ ነው፤ አሳማ ቢራ አይገዛም። ስለዚህ ሀብታሙ ሊግ ቤልፎርትን ጠራ፣ እኛን ዘለለን። ከእንግዲህ የቤልፎርት ልጆች ለአንድ ጨዋታ ግማሽ አሜሪካን በአውሮፕላን ያቋርጡና በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ ላይ ያለነውን እኛን ግን የሚያውቀን የለም። ከተማው በንዴት ጨሰ። በነዳጅ ማደያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በእህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ።

ዌንደል አልጮኸም። ይልቅ የሚበላው ምግብ ቀነሰ። የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ነበር፤ ጨዋታው ከሌለ ሮላንድ በምን ሰበብ ይመጣል?

«ደውልለት» አለችው ማርሊስ።

«ደውዬ ምን ልበል?»

«ምንም አትበል። ወንድምህ አይደለም?»

«ያለ ምክንያት?»

ማርሊስ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ተነፈሰች። ዌንደል ያደገው ሰው ካልሞተ ወይም ከብት ካልጠፋ ስልክ በማይነሳበት ቤት ነው።

ያቺ ቅዳሜ ደረሰች። ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው ሣር ላይ መኪኖች የኋላ መዝጊያቸውን ከፍተው ተሰልፈዋል፤ ጢሱ፣ የተጠበሰው ሥጋ፣ የተማሪው ጫጫታ እንደወትሮው ነው። ማርሊስ በትልቁ ድስት ቺሊዋን፣ ያንን የሚያቃጥል የሥጋና የባቄላ ወጥ፣ አሙቃ፣ ከጎኑ የቀረፋ ጥቅልል ዳቦዋን ደርድራለች። ሮላንድ ግራጫ የተኩላ ጃኬቱን ለብሶ፣ ትንሽ እያነከሰ መጣ።

«ማርሊስ! ይሄን ሰውዬ አሁንም አልፈታሽውም?»

«አንተን ሳይ የባሰም አለ ብዬ እጽናናለሁ።»

«አንተ ኮፍያ፣ ዛሬስ ስንት ሰዓት ልትገትረን ነው?»

«እናንተ አልቅሳችሁ እስክትጨርሱ» አለ ዌንደል፤ ሦስቱም ሳቁ። ሮላንድ ጎድጓዳ ሳህኑን ተቀብሎ የመኪናው መዝጊያ ላይ ተቀመጠ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር እንደድሮው ሆነ።

ከዚያ ሮላንድ አፉ አላርፍ አለው። «ለከርሞ እናንተ እዚህ በውርጭ ስትንቀጠቀጡ እኔ ካሊፎርኒያ ነኝ። ቁምጣ ለብሼ ነው የማየው። ፎቶ እልክልሃለሁ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው።»

ቀልድ ነበር። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ቀልድ መሆኑን ያውቃል። የዌንደል ደም ግን ፈላ፣ ዓመታት ሙሉ የዋጠው ቃል አመለጠው።

«እውነትም ያንተ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ የሚከፍል ሲመጣ ጎረቤትን ጥሎ መሄድ ካንተ ነው የተማረው።»

ሮላንድ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስለ መሬቱ ነው የምታወራው?»

«ስለ ኳስ ነው።»

«ውሸታም።»

«ስለ ኳስ ነው አልኩህ!»

«እሺ፣ እኔ ሸጥኩ። አንተስ?» ሮላንድ በጣቱ ቀዩን ኮፍያ ነካው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሜዳ መሃል ገብቶ ለቴሌቪዥኑ ጨዋታ የሚያቆምለት ማነው? ለነሱ ቢራ መሸጫ ሰዓት የሚሰጣቸው ማነው? እኔ አንድ ጊዜ ነው የሸጥኩት ወንድሜ። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሸጣለህ።»

«ሮላንድ፣ ተው፤ ምግብህን ጨርስ» አለች ማርሊስ።

«ጠግቤያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።» ሳህኑን እንደ ሞላ ትቶት ወደ ስታዲየሙ ሄደ። ማርሊስ ወደ ባሏ ዞረች። «ይሄን ሁሉ ዘመን አፍህን ይዘህ ከርመህ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬን መረጥክ?»

ጨዋታው ራሱ እንደ ሁልጊዜው ጥርስ የሚያስነክስ ነበር። ፀሐይዋ ከምዕራቡ መቀመጫ በስተጀርባ ልትገባ ስትል እኛ በአራት ነጥብ እንመራለን፤ ኳሱ ግን በቤልፎርት እጅ ነው፣ ያውም ከእኛ መስመር አፍንጫ ሥር። ኳሱን ይዘው መስመሩን ካለፉ ያሸንፉናል፤ የሚቀራቸው ሰዓት ለጥቂት ሙከራ ይበቃል። ልክ እዚህ ላይ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን በያዘበት፣ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ አማረው።

«ይግቡ» አለችው ቴሳ፣ የቴሌቪዥን መኪናዋ ሴት። ዌንደል ገብቶ እጁን አጣመረ።

«ኮፍያው! ውጣ!» ስታዲየሙ ተንጫጫ። ዌንደል ግን የሮላንድን ቃል እየሰማ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትሸጣለህ። ውሸት ነው ብሎ ሊከራከር ሞከረ፣ አልሆነለትም። እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ ነው ገንዘቡ ሲበዛ ያየው። እያንዳንዷን ማስታወቂያ በጉልበቱ ተሸክሟል፤ ያ ሁሉ ማስታወቂያ ተጠራቅሞ ነው ቤልፎርትን የወሰደው።

ከዚያ ሌላ ነገር ወደ ሐሳቡ መጣ። እኛ ካሸነፍን ባለዕዳው ሮላንድ ነው፤ መምጣትም መቅረትም በሱ እጅ ነው። ከዛሬው ንግግር በኋላ ደግሞ ላይመጣ ይችላል። ከተሸነፍን ግን ባለዕዳው ዌንደል ነው። ሚያዝያ ላይ መሰላሉን ጭኖ ሄዶ በሩን ሲያንኳኳ ሮላንድ አልከፍትም ሊለው አይችልም፤ የአባታቸው ሕግ ነውና። ዕድሜውን ሙሉ የሀርስቴድ ሰው ሆኖ የኖረው ዌንደል ቦይማን፣ በሜዳው መሃል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ቡድኑ እንዲሸነፍ ከልቡ ተመኘ። በራሱ አፈረ፤ ምኞቱ ግን አልሄደለትም።

«ይውጡ» አለችው ቴሳ።

አልተንቀሳቀሰም።

«ዌንደል? ተመልሰናል፣ አየር ላይ ነን። ይውጡ እንጂ!»

እጁ ደረቱ ላይ እንደተጣመረ ቀረ። እሱ እጁን እስካልፈታ ድረስ ይህ ጨዋታ አያልቅም። ሮላንድ እዚያ ማዶ ካሉት ግራጫ ጃኬቶች መሃል አለ፤ እሱ እዚህ አለ፤ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም። የሕዝቡ ጩኸት እየቀነሰ መጣ፣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ሰዉ ገብቶታል። ዋናው ዳኛ ተጠጋው።

«አባት፣ አመመዎት?»

«የለም።»

«እንግዲያስ ይልቀቁንና እንጫወት።»

ዌንደል ዳኛውን አየው፤ ልጁ የሚሆን ሰው ነው፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቷል። አዘነለት። እጁን ፈታና ወጣ።

የቤልፎርቱ ልጅ በመጨረሻው ሙከራ ኳሱ ከእጁ አመለጠው፣ የእኛ ልጆች ተከመሩበት፣ አሸነፍን። ሀርስቴድ በሙሉ አጥር ዘሎ ሜዳውን ሞላው። የማያውቁት ሰዎች ዌንደልን አቀፉት፣ አንዱ ኮፍያውን ነጥቆ ስሞ መለሰለት። ዌንደል ያለቅስ ነበር። ሰው ሁሉ የደስታ ነው ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

ቴሳ ሽቦዋን እየጠቀለለች አገኘችው። «ምን ሆነው ነው?»

«ጆሮዬ አልሰማ ብሎኝ ነው ልጄ።»

«እሺ። እኔም ለአለቆቼ ሽቦው ነው ብያቸዋለሁ።» ጥቅልሉን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። «ለከርሞ ይሄ መኪና ወደዚህ አይመጣም። ሌሎች ይመጣሉ፣ ትንንሾች። እነሱ ሜዳው ዳር የሚቆጥር ሰዓት ነው የሚተክሉት፣ ሰው አያቆሙም። ኮፍያውን ይውሰዱት፤ የርስዎ ነው።»

ክረምቱ ገባ። በረዶው የአጥሩን ምሰሶ እስኪውጥ ወረደ። ስልኩ አልጮኸም። «ደውልለት» አለች ማርሊስ በገና፤ «ደውልለት» አለች በፋሲካ። ዌንደል «ባለዕዳው እሱ ነው። ደውዬ ና ድንጋይ ልቀምልኝ ልበለው?» አለ። ሊል የፈለገው ሌላ ነበር፤ «አልመጣም ቢለኝስ?» ነበር።

በረዶው ቀለጠ፣ መሬቱ ደረቀ፣ ድንጋዮቹ ራሳቸውን ብቅ ብቅ አደረጉ። ጎረቤት ሁሉ ለቅሞ ዘራ። ዌንደል ሌላውን ማሳ ሁሉ ለቀመና ከአሳማ ቤቶቹ አጥር ሥር ያለውን አንዱን ማሳ ተወው። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት ገባ። እዚህ አገር በግንቦት ያልዘራ ሰው መታመሙ ወይም ማበዱ ነው የሚጠረጠረው። በእህል መጋዘኑ «ኮፍያው እጁን አጣምሮ ቀረ» ተብሎ ተሳቀበት። ማርሊስ እንኳ «ደውልለት» ማለቱን ተወች።

አንድ ጠዋት የሮላንድ ፒክአፕ በጠጠሩ መንገድ አቧራ እያስነሳ መጣ። ሮላንድ ወርዶ ማሳውን አየ፣ ጓንቱን ከኪሱ አወጣ።

«ገና አልዘራህም እንዴ?»

«ድንጋዩ አልተለቀመም።»

«ማንን ስትጠብቅ ነው?»

«ዕዳ ያለበትን።»

«ዘገየሁ» አለ ሮላንድ። «መሪ ይዤ ስንት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ መሰለህ። ማርሊስ ደወለችልኝ። ሰውዬህ ስላንተ ብሎ እርሻውን ሊያበላሽ ነው አለችኝ።»

ዌንደል ወደ ቤቱ ዞር አለ። የወጥ ቤቱ መጋረጃ ወዲያው ተዘጋ።

ድንጋዩን እየለቀሙ በመጫኛው ማሽን፣ በሎደሩ፣ ባልዲ ውስጥ ይወረውራሉ። ረፋዱን ስለ ወገባቸው ብቻ አወሩ። እኩለ ቀን ሲሆን ነፋሱ ከሰሜን መጣ፤ ሮላንድ ቀና ብሎ አፍንጫውን ያዘ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«የዛሬው ደህና ነው።»

«ቤት ውስጥም ይገባል?»

«ይገባል።»

ሮላንድ የያዘውን ድንጋይ ባልዲው ውስጥ ወረወረ። «መጀመሪያ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ። ዋጋውን እንደማትችለው አውቅ ነበር። አልችልም ስትለኝ ፊትህን ማየት አፍሬ ነው ሳልጠይቅህ የሸጥኩት። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ያን ቀን ስለ ኮፍያው ያልከኝም እውነት ነው» አለ ዌንደል። «እዚያ ቆሜ አሰብኩት።»

«አየሁህ። ስታዲየሙ ሁሉ አብዷል ሲል እኔ ነኝ ያሳበድኩት ብዬ ነበር።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድ ትልቅ ድንጋይ ብቻ ቀረ። ዙሪያውን ቆፈሩለት፣ ሰንሰለት አሰሩበት፣ ሮላንድ ሎደሩ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ይህ ከወጣ ዕዳው አለቀ። ጨዋታ የለም፣ ሌላ ሚያዝያም የለም። ዌንደል ይህን እያሰበ ከሎደሩ ፊት ሄዶ ቆመና ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ።

«ምን እያደረግክ ነው? ዞር በል!» ብሎ ጮኸ ሮላንድ። ከዚያ አየው። ብዙ አየው። ሞተሩን አጠፋ።

«ማስታወቂያ ነው?»

«ማስታወቂያ ነው።»

«ይረዝማል?»

«እስከ ሚያዝያ።»

ሮላንድ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ፤ አቧራ ነው ቢል ማንም አያምነውም፣ እሱም አላለም። ወርዶ ሰንሰለቱን ከድንጋዩ ላይ ፈታ። ማርሊስ ከበረንዳው ሆና ምግብ ደርሷል ብላ ተጣራች። ዘንድሮ ዌንደል በቆሎውን የዘራው ያንን ድንጋይ ዞሮ ነው።